ባቡር የደከመች ከተማን ያነሳል ወይ?

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምኖረው ኦሃዮ ውስጥ ባለች አሮጌ የፋብሪካ ከተማ ነው። የነዋሪው ቁጥር ከድሮው በግማሽ ቀንሷል። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ ሕዝብ እያወያየ ነው። አንዱ ወገን ስማርት ግሮውዝ እንከተል፣ መሃል ከተማው ላይ የመንገድ ባቡር እንዘርጋ ይላል። ሌላው መኪናችንን ሊነጥቁን ነው፣ ይልቅ ሀይዌዩ ይስፋ ይላል። የድሮ ነዋሪዎች ደግሞ ከተማው ሲያምር እኛ እንፈናቀላለን ብለው ይሰጋሉ። ማን ነው ትክክል? ትራንስፖርት የደከመች ከተማን ያነሳል? ስብሰባው ላይ ሦስት ደቂቃ ይሰጠኛል፤ ምን ልበል?»

የከተማ ፕላን ባለሙያው ምላሽ፦

ሦስቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ሁለቱ ግን ስለ እርስዎ ከተማ እየተከራከሩ አይመስለኝም። የባቡሩም የሀይዌዩም ደጋፊዎች ክርክራቸውን የተዋሱት ሕዝብ ከሚጎርፍባቸው ከተሞች ነው። ስለራሳቸው ሰፈር እያወሩ ያሉት መፈናቀል የሚፈሩት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስማርት ግሮውዝ፣ ማለትም ከተማን ወደ ዳር ከመለጠጥ ይልቅ አጠጋግቶ የማሳደግ ሐሳብ፣ የተወለደው እድገት ባስጨነቃቸው ቦታዎች ነው። ኦሪገን በ1973 የመሬት አጠቃቀም ሕግ ያወጣችው የእርሻ መሬቷ በቤት እየተዋጠ ስላስፈራት ነበር። በዚያ ሕግ መሠረት የፖርትላንድ አካባቢ በ1979 የከተማ መስፋፊያ ወሰን አሰመረ። ከወሰኑ ውስጥ ግንባታ፣ ከወሰኑ ውጪ እርሻና ደን። ሜሪላንድ ደግሞ በ1997፣ በገዥው ፓሪስ ግሌንደኒንግ ጊዜ፣ ሌላ መንገድ መረጠች። ማንንም አትሥራ አላለችም። ነባር ከተማ ወይም ለልማት የተለየ ቦታ ከሆነ ስቴቱ ለመንገድና ለፍሳሽ ገንዘብ ያወጣል፤ ከዚያ ውጪ የሚገነባ ግን የስቴቱን ካዝና አይጠብቅ አለች። የሐሳቡ እምብርት ቀላል ነው። ቤት፣ ሥራና ሱቅ ይቀራረቡ። ያለው መንገድና ቧንቧ ቀድሞ ይጠገን። መኪና የሌለው ሰውም የሚፈልገው ቦታ መድረስ ይቻለው።

ተቃዋሚዎቹም ዝም ብለው የሚጮሁ አይደሉም። እንደ ራንዳል ኦቱል ያሉት ለዓመታት የሚሉት ይህን ነው፦ ወሰን ሲሰመር መሬት ይወደዳል፣ መሬት ሲወደድ ቤት ይወደዳል፤ ባቡሩም ከሚበላው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር የሚጭነው ሰው ጥቂት ነው። የኦሪገን መራጮች ራሳቸው በ2004 ሕጉ የመሬታቸውን ዋጋ የቀነሰባቸው ሰዎች ካሳ ይከፈላቸው፣ ካልሆነም ሕጉ ይነሳላቸው ብለው ድምፅ ሰጥተዋል። በ2007 ደግሞ ያንኑ መልሰው አጠበቡት። ሰው በሚጎርፍበት ከተማ ይህ የምር ክርክር ነው። እኔም በቤት ዋጋው ጉዳይ ተቃዋሚዎቹን ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም።

የእርስዎ ከተማ ግን ሌላ ነው። ኤድዋርድ ግሌዘርና ጆሴፍ ጂዩርኮ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን በ2005 ያሳዩት ነገር እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። ፋብሪካ በአንድ ቀን ይዘጋል፤ ቤት ግን በአንድ ቀን አይጠፋም። ሥራው ሲሄድ ሰው ይሄዳል፣ ቤቱ ይቀራል። ፈላጊ ያጣ ቤት ዋጋው እየወረደ ወርዶ፣ አዲስ ቤት ከሚሠራበት ወጪ በታች ይሆናል። ለምሳሌ አንድን ቤት ለመሥራት 250,000 ዶላር ያስፈልጋል እንበል። ያው ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ በሰፈሩ ዋጋ ከ100,000 በላይ አያወጣም። ጤነኛ የሆነ ገንቢ እዚያ አይሠራም።

ይህ አንድ ነገር ሁለቱንም ወገን መሬት ያሳጣል። «ወሰን ቤት ያስወድዳል» የሚለው ፍርሃት ባዶ ቤት በሞላበት ከተማ ብዙም አይሠራም። «ጣቢያው አጠገብ ፎቅ እንፍቀድ፣ ገንቢ ይመጣል» የሚለው ተስፋም እንደዚያው። የከለከለው ሕግ ሳይሆን ሒሳቡ ነውና፣ ፈቃድ ስለሰጡት ብቻ የሚመጣ ሰው የለም።

ታዲያ በሽታው ምንድን ነው? ሳያድጉ መስፋት ነው። በኒውዮርክ ስቴት ሰሜናዊ ክፍል፣ ማለትም እነ ቡፋሎ፣ ሮቸስተርና ሲራኪዩስ ባሉበት አካባቢ፣ ከ1982 እስከ 1997 ከተማ የሆነው መሬት በ30 በመቶ ሲሰፋ ሕዝቡ የጨመረው በ2.6 በመቶ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ሳይበዛ ሁለተኛ ቤት ተከራይቶ የሁለቱንም መብራትና ውሃ እንደ መክፈል ማለት ነው። ዳር ላይ አዲስ መንደር ይሠራል። አንድ ቤተሰብ ከመሃል ከተማ ተነስቶ እዚያ ይገባል። የለቀቀው ቤት ገዢ ያጣል። አዲሱ መንደር አዲስ ቧንቧ፣ አዲስ ትምህርት ቤትና አዲስ የእሳት አደጋ ጣቢያ ይፈልጋል። የድሮው ቧንቧም እዚያው ከመሬት በታች አለ፤ ይፈነዳል፣ ይጠገናል። ከፋዩ ግን ቀንሷል። የቀረው ሰው ግብር ይጨመርበታል። ግብሩ ያማረረው ደግሞ በተራው ይለቃል።

ክሊቭላንድ በ1950 ከ914,000 በላይ ሕዝብ ነበራት። በ2020 ቆጠራ 372,624 ሆናለች። ዲትሮይት በዚያው ጊዜ ከ1.85 ሚሊዮን ወደ 639,111 ወርዳለች። ሰዉ ሁሉ ቴክሳስ ገባ እንዳይሉ። ብዙው እዚያው አካባቢ፣ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ርቀት ላይ ነው የሰፈረው። መንገዱን ማን ሠራለት? በ1956ቱ ሕግ መሠረት የኢንተርስቴት ሀይዌይ ወጪ 90 በመቶውን የከፈለው የፌዴራል መንግሥት ነው። «ሰው በምርጫው ወጣ» ሲባል ይህን ሒሳብ ማስታወስ ደግ ነው። ምርጫ ነበር፤ ግን የተደጎመ ምርጫ ነው።

ግብሩን በቅርብ ለማየት ጆ ሚኒኮዚ የተባለው የፕላን ባለሙያ በአሽቪል፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ የሠራውን ንጽጽር ልጥቀስ። አሽቪል የደከመች ከተማ አይደለችም፤ ሒሳቡ ግን የትም ይሠራል። ዳር ላይ 34 ኤከር (አንድ ኤከር 4,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው) የያዘ ዋልማርት የተባለ ግዙፍ መደብር ነበር። መሃል ከተማው ላይ ደግሞ አንድ ኤከር ሩቡን እንኳ የማይሞላ ቦታ ላይ የቆመ፣ ታድሶ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነ አሮጌ ሕንፃ። ዋልማርቱ በኤከር የሚያስገባው የንብረት ግብር 6,500 ዶላር ገደማ ነው። አሮጌው ሕንፃ በኤከር ሲሰላ 634,000 ዶላር ገደማ። አብዛኛው ምክር ቤት ግን ዋልማርቱን ነው በጭብጨባ የሚቀበለው። አጠቃላይ ክፍያው ዓይን ስለሚሞላ በኤከር ማካፈል ማንም አይመጣለትም።

አሁን ወደ ባቡሩ። ቡፋሎን በደንብ እንያት፣ ምክንያቱም የእርስዎ ከተማ ልትገባበት የምትችለው ወጥመድ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቡፋሎ በ1980ዎቹ አጋማሽ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀላል ባቡር ዘረጋች። መሃል ከተማው ላይ በመሬት ገጽ ይሄዳል፤ ከዚያ ወጣ ሲል ከመሬት በታች ይገባል። ዋናው ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለባቡር ብቻ ሆነ። ጎዳናው ለዓመታት ሲቆፈር ሱቆቹ ገበያ ራቃቸው። ባቡሩ ሲያልቅ ደግሞ ደንበኛው ወደ ዳር ሄዷል። ከብዙ ዓመታት በኋላ መኪና እንደገና ይግባ ተብሎ ጎዳናው በየክፍሉ እየተከፈተ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ግን መስመሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ነው። ስቴቱ ትልቁን የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ መሃል ከተማ ውስጥ ሊሠራው ይችል ነበር። ብዙ ሰውም ይህን ጠይቆ ነበር። የሠራው ግን አምኸርስት በተባለችው የዳር ከተማ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። ባቡሩ እስከዚያ ይደርሳል ተብሎ ታቅዶ፣ የከተማዋ ወሰን አጠገብ የድሮው ካምፓስ ጋ ቆመ። አስቡት። አንድ የመንግሥት እጅ ተማሪውንና ሥራውን ወደ ዳር ያወጣል፤ ሌላው እጅ መሃል ለመሃል ባቡር ይቆፍራል። ሁለቱ አልተገናኙም። ባቡሩ ራሱ መጥፎ ባቡር አልነበረም። ለርዝመቱ ደህና ተሳፋሪ ነበረው።

ዲትሮይትም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረገችም። በ1987 የተከፈተው ፒፕል ሙቨር 4.7 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ መሃል ከተማውን የሚዞር የአየር ላይ ባቡር ነው። ሲታሰብ ከዳር የሚመጣውን ባቡር ተሳፋሪ ተቀብሎ እንዲያዳርስ ነበር። ከዳር የሚመጣው ባቡር ግን ጭራሽ አልተሠራም። በ2017 የተከፈተው ኪውላይን የተባለ የመንገድ ባቡርም 5.3 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛውን መንገድ ከመኪና ጋር ተጋፍቶ ስለሚሄድ መኪናው ሲቆም እሱም ይቆማል። ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ አውቶቡሱን በአራት ካውንቲ የሚያገናኝ ግብር ለድምፅ ቀርቦ ለትንሽ ወድቋል። ለእኔ ከሁለቱ ባቡሮች ይልቅ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ሥራው ዳር፣ መኪና የሌለው ሠራተኛ መሃል፣ አገናኙ ደግሞ ድምፅ ተነፈገው።

ጥሩ ምሳሌ የለም እንዳይሉኝ፣ እዚያው ኦሃዮ ውስጥ አለ። ክሊቭላንድ በዩክሊድ ጎዳና ላይ ባቡር ስትመኝ ኖራ፣ ዋጋው ሲከብዳት በ2008 ፈጣን አውቶቡስ ከፈተች። ሄልዝላይን ይባላል። ስሙን የገዙት ሁለቱ ትልልቅ ሆስፒታሎች ናቸው። 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአብዛኛው የራሱ መስመር አለው። መሳፈሪያው ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ዊልቸርና የሕፃን ጋሪ ያለ ችግር ይገባል። ጎዳናው ራሱ ከሕንፃ እስከ ሕንፃ አብሮ ታድሷል። ለሁሉም 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ከሁሉ በላይ ያዋጣው ግን የሚያገናኛቸው ቦታዎች ናቸው። በአንድ ጫፍ መሃል ከተማው፣ በሌላው አቅጣጫ ክሊቭላንድ ክሊኒክ የተባለው ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲው ያለበት ዩኒቨርሲቲ ሰርክል የተባለ ሰፈር አሉ። ሰው በእርግጥ የሚሠራባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ወደፊት ይለማሉ ተብሎ ተስፋ የሚደረግባቸው አይደሉም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሄልዝላይን ደጋፊዎች በጎዳናው ላይ የፈሰሰውን ኢንቨስትመንት በሙሉ ለአውቶቡሱ ይሰጡታል። ሆስፒታሎቹና ዩኒቨርሲቲው አውቶቡሱ ባይመጣም ይገነቡ ነበር። የክሊቭላንድ ሕዝብም ከ2008 በኋላ መቀነሱን አላቆመም። አንድ ጎዳና ተሻሽሏል፤ ከተማው አልዳነም። ስብሰባው ላይ «ባቡሩ ይህን ያህል ቢሊዮን ያመጣል» የሚል ስላይድ ካሳዩዎት፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የሆስፒታልና የመንግሥት ሕንፃ እንደሆነ ይጠይቁ።

ከባቡርም ከፈጣን አውቶቡስም በፊት የሚመጣ ሥራ አለ። ሂዩስተን በነሐሴ 2015 የአውቶቡስ መስመሮቿን በሙሉ በአንድ ቀን ቀየረች። ጠመዝማዛና በሰዓት አንዴ የሚመጡ መስመሮችን አጥፋ፣ ቀጥ ያሉና ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን አብዛ። ያወጣችው ተጨማሪ የማስኬጃ ገንዘብ ብዙ አይደለም። ይህ ሥራ ሪባን አይቆረጥበትም፣ ለዚህ ነው ከንቲባዎች የማይወዱት።

ሀይዌይ ይስፋ ለሚሉት ደግሞ ያችው ሂዩስተን ትመልሳለች። ኬቲ ፍሪዌይ የሚባለውን ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አውጥታ በ2008 አሰፋችው። አንዳንድ ቦታ ላይ የጎን መንገዱ ሲቆጠር 26 መስመር ደርሷል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ መጨናነቁ ተመለሰ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሂዩስተን ቢያንስ የሚጨናነቅ ሕዝብ አላት። ግማሽ ሕዝቧን ያጣች ከተማ ሀይዌይ ስታሰፋ፣ የምታፋጥነው የሥራ መውጫ ሰዓት ሽሽትን ነው።

እንዲያውም ተቃራኒውን ያደረጉ አሉ። ሮቸስተር መሃል ከተማዋን እንደ ገደል ከብቦ የቆረጣትን ኢነር ሉፕ የተባለ ሀይዌይ ምሥራቃዊ ክፍል ከ2014 እስከ 2017 በአፈር ሞልታ ተራ ጎዳና አደረገችው። የሚያልፍበት መኪና ለሀይዌይ የሚበቃ አልነበረም። በተገኘው መሬት ላይ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆሙ። ሚልዋኪም በከንቲባ ጆን ኖርኲስት ጊዜ ፓርክ ኢስት የተባለውን ሀይዌይ በ2002 እና 2003 አፈረሰች። እዚያ ግን አብዛኛው መሬት ከአሥር ዓመት በላይ ባዶውን ከረመ። የቅርጫት ኳስ አዳራሹ በ2018 እስኪከፈት ድረስ ብዙ ሰው ይስቅባቸው ነበር። ማፍረስም ቢሆን ተአምር የለውም። ገበያው ሲደርስ መሬቱ ዝግጁ ሆኖ እንዲገኝ ያደርጋል፣ አለቀ።

የመፈናቀል ፍርሃቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ላልፈው አልፈልግም። ዲትሮይት ውስጥ ብላክ ቦተም የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነበር። በ«ከተማ እድሳት» ስም ፈረሰ፤ በጎኑ ያለው የንግድ ጎዳና ላይ ሀይዌይ አለፈ። ሱቅ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሙዚቃ ቤት ሁሉ ተጠረገ። ያን ያየ ወይም ከወላጁ የሰማ ሰው «ልናድሳችሁ መጣን» ሲባል ቢሸሽ ምን ይፈረድበታል?

በደከመ ከተማ ውስጥ አብዛኛው ሰፈር የሚጎዳው በኪራይ መናር ሳይሆን በመራቆት ነው። ጎረቤት ይሄዳል፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ ሱቁ ይዘጋል። ይህ እውነት ነው። ጣቢያ የሚቆምባቸው ጥቂት ብሎኮች ላይ ግን ዋጋው ድንገት ሊዘል ይችላል። አደጋው ጠባብ ቢሆንም እዚያ ለሚኖሩት ሙሉ ነው። ስለዚህ መከላከያው ሥራው ሳይጀመር መቀመጥ አለበት። በግብር ዕዳ ወደ ከተማው የገቡ ባዶ ቦታዎች በመሬት ባንክ፣ ማለትም ባዶ ቦታ ተረክቦ በሚያስተዳድር የሕዝብ አካል፣ ተይዘው ይቆዩ፤ መስመሩ ከመታወቁ በፊት ለአየር ባየር ነጋዴ አይሸጡ። ለቆዩ ባለቤቶች ደግሞ የግብር ጣሪያ ይቀመጥላቸው። ፊላዴልፊያ ከ2014 ጀምሮ ቤታቸው ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለኖሩ፣ ገቢያቸው መካከለኛና ዝቅተኛ ለሆነ ባለቤቶች ግብር የሚሰላበት የቤቱ ግምት ድንገት ሲሰቀል ጭማሪውን የምታግድበት አሠራር አላት። ተከራይን ግን አይጠብቅም፤ ለተከራይ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል።

ፓርኪንግን በአጭሩ። አሮጌ ሕንፃ ለማደስ ሕጉ የግድ ይህን ያህል መኪና ማቆሚያ አምጣ ካለ፣ ጎረቤቱን አፍርሶ አስፋልት ማድረግ ይመጣል። ቡፋሎ በ2017 ይህን ግዴታ ከከተማው ሁሉ አነሳች። ወጪው ዜሮ ነው። በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ ከ261,310 ወደ 278,349 ጨምሮ ተገኘ፣ ከ70 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፓርኪንጉ አመጣው እንዳልል ግን ኅሊናዬ አይፈቅድም። ዋናው ምክንያት ከበርማ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሶማሊያና ከሌላም አገር የመጡ ስደተኞች ባዶውን ቤት ገዝተው ማደሳቸው ነው። ስለ ከተማ መነቃቃት ሲወራ ባቡሩ ፖስተር ላይ ይወጣል፤ እነዚህ ሰዎች አይወጡም።

ሦስት ደቂቃዎን እንዴት ይጠቀሙባት? «ደግፌያለሁ» ወይም «ተቃውሜያለሁ» ብለው አይጨርሷት። መልስ የሚፈልግ ነገር ይጠይቁ። የታሰበው መስመር በየስንት ደቂቃው ይመጣል? የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ሥራ ሲጨርስ ይሠራል? በከተማው ትልልቅ ቀጣሪዎች በር ላይ ያልፋል ወይስ ኮንቬንሽን ማዕከሉን ዞሮ ይመለሳል? ከዚያ ገንዘቡን ይጠይቁ። ዋሽንግተን፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥቱ፣ ለግንባታ ጥሩ አድርጋ ትረዳለች፤ ከ200,000 በላይ ሕዝብ ባለው አካባቢ ግን ለሾፌር ደመወዝና ለጥገና የምትሰጠው በጣም ውስን ነው። በአሥረኛው ዓመት ማን ይከፍላል? ከሌላ የአውቶቡስ መስመር ተቆርጦ ከሆነ የትኛው ነው?

የሚናገሩትን በጽሑፍም ያስገቡ። የቃሉ ንግግር በቃለ ጉባኤ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ጽሑፉ ግን እንዳለ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሀይዌዩ ጉዳይ የሚወሰነው ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ አይደለም። ከ50,000 በላይ ሕዝብ ባለው በእያንዳንዱ የከተማ አካባቢ፣ ከተማውንና የዳር ከተሞቹን አንድ ላይ የያዘ፣ ኤምፒኦ የሚባል የትራንስፖርት ፕላን አካል አለ። የፌዴራል ገንዘብ የሚነካው መንገድም ሆነ አውቶቡስ እሱ በሚያጸድቀው፣ ቢያንስ አራት ዓመት በሚሸፍን የፕሮጀክት ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። የመሃል ከተማው ባቡር ሲታወጅ አዳራሹ ይሞላል፤ ዳር ላይ አዲስ መውጫ የሚጨምረው ዝርዝር ሲጸድቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው በጣት ይቆጠራል። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ አስተያየትም ይቀበላሉ። ዝርዝሩን ያውርዱና መንገድ ለማስፋት የተመደበውን በአንድ ዓምድ፣ ያለውን ለመጠገንና ለአውቶቡስ የተመደበውን በሌላ ዓምድ ደምረው ይምጡ። ምክር ቤቱ ፊት ያንን ወረቀት ይዘው ቢቆሙ ሦስት ደቂቃ ይበቃዎታል።